ግድግዳው የሞላ ዕለት

ቦንጋ የብስክሌት አገር ናት ብሎ የሚምል ሰው ካለ፣ ወይ ከተማዋን አያውቃትም፣ ወይ ብስክሌት ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዳገቱ ላይ ሰው ብስክሌቱን ይገፋዋል፤ ቁልቁለቱን ደግሞ እየጸለየ ይወርደዋል። በክረምትማ ጭቃው ጎማውን ይዞ አልለቅም ይላል። እንዲያም ሆኖ ባፈና በዚህች ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብስክሌት ሲጠግን ኖሯል። አብዛኛው ሥራው ፍሬን ነው። «ቁልቁለቱን ያኑርልኝ» ይላል ሲጠየቅ፤ «እንጀራዬ እሱ ነው።»

የሚሠራው ከቤቱ ጀርባ በቀጠላት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አንደኛው ግድግዳ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የዋንዛ ጣውላ ተመትቷል፤ ጣውላው ላይ ምስማር፣ ምስማሩ ላይ መሣሪያ። ካቻቢቴ ከትልቅ እስከ ትንሽ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ፖምፓ፣ ራሱ ከማንኪያ እጀታ ቀጥቅጦ የሠራቸው የጎማ መፈልቀቂያዎች። ብሎንና ኩሽኔታ በየዓይነቱ በወተት ዱቄት ጣሳ ተለይቶ ወለሉ ላይ ተደርድሯል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ከጅማ የገዛትን የቸርኬ ሽቦ መወጠሪያ ነው። መዳፍ የማትሞላ ብረት ናት፤ የተጣመመ ቸርኬ ግን በእሷ ይቃናል። ከእሱ ሌላ የሚነካት ልጁ ፍቃዱ ብቻ ነበር።

ፍቃዱ ለባፈናና ለሚስቱ አንድ ልጃቸው ነው። ስምንተኛ ክፍል በጨረሰበት ክረምት ከበር የተረፈ ቀይ ቀለም አገኘና ጣውላው ላይ በእያንዳንዱ መሣሪያ ዙሪያ መስመር አሰመረ። መሣሪያው ሲነሳ ቀዩ መስመር ባዶውን ይቀራል። «አባባ፣ አሁን ዞር ስትል የጎደለውን ታውቀዋለህ» አለው።

የጎደለው ግን ብዙ ነበር። ባፈና ሰውን እምቢ ማለት አይሆንለትም፤ ሠፈሩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጀ፦ መሣሪያ የሚዋስ ሰው በመሣሪያው ፋንታ የራሱን አንድ ነገር ምስማሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ሰው መያዣውንም መርሳት ቻለበት። የመምህር ሣህሌ አንድ እግሩ የተሰበረ መነጽር በፖምፓው ቦታ ሁለት ዓመት ተንጠልጥሏል። በእጅ መሰርሰሪያው ቦታ የባለሱቁ የከሊል የጓጉንቸር ቁልፍ፣ በመዶሻው ቦታ የአናጺው የፈለቀ ቀበቶ። ፈለቀማ መዶሻውን ከወሰደ አምስት ዓመቱ ነው። ሱሪውን በሲባጎ አስሮ ይሄዳል እንጂ መዶሻ አይመልስም። የባፈና ሚስት አስካለማርያም በገባች በወጣች ቁጥር «ይሄ የመሣሪያ ግድግዳ ነው ወይስ የሰልባጅ ገበያ?» ትላለች።

ፍቃዱ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በተጀመረ ዓመት፣ አስራ አንደኛ ክፍል ሳለ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተመዝግቦ ሄደ። ሦስት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ዝም። ጦርነቱ ቆመ ከተባለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከጎረቤት ከተሞች ከደካ የዘመተው ተመለሰ፣ የቢታ ገነቱም ተመለሰ ሲባል አስካለማርያም «የኛም መንገድ ላይ ነው» ትላለች። ባፈና የጅማው አውቶቡስ ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር ሥራውን አቁሞ ጆሮውን ይሰጣል። ስለዚህ ነገር ብዙም አያወሩም፤ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ሐሳብ አልነበረም።

በሚያዝያ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አስካለማርያም ገበያ ወርዳ ሳለ፣ መምህር ሣህሌ ፖምፓውን ይዘው መጡ።

«አቆየሁብዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ።

«ኧረ ምን ችግር አለ! ይቀመጡ እንጂ።»

«አይ፣ ልሂድ።» መነጽራቸውን ከምስማሩ አውርደው ኪሳቸው ከተቱ። ቀና ብለው አላዩትም።

ባፈና ፖምፓውን ቀዩ መስመር ውስጥ ሰቅሎ ለብቻው ሳቀ። ብዙ ሳይቆይ ከሊል መጣ። ከሊል በሌላ ጊዜ የቡና ዋጋ ሳያማርር ከዚያ ቤት አይወጣም። ዛሬ መሰርሰሪያውን ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ አምጥቷል። «አላህ ይስጥልኝ ጋሽ ባፈና» አለና ቁልፉን እንኳ ሳይወስድ ወጣ። ቀጥሎ ጎረቤቱ እትዬ ብርቅዬ በአጥሩ በኩል እጃቸውን አሹልከው ፒንሳውን አቀበሉት።

ባፈና ደስ አለው። ሰው መቼም ሞኝ ነው፤ ደስታ ሲመጣ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ፋሲካ ስለቀረበ የሰው ልብ ተመልሶ ይሆናል አለ። ኋላ ነው ከሊልን ፋሲካ ምን አገባው ብሎ ያሰበው። ያን እያሰበ ሳለ ፈለቀ መዶሻውን ይዞ በር ላይ ቆመ።

ባፈና እጁ ላይ የነበረውን ቸርኬ አስቀመጠ። ፈለቀ ለመዶሻው አዲስ እጀታ አበጅቶለታል፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶታል። ባፈና እጀታውን ሲዳስስ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለው። የእትዬ ብርቅዬ ባል ሕክምና ላይ ሳሉ ያረፉ ጊዜ፣ ሠፈሩ ሁሉ ሰምቶ እሳቸው ብቻ ሳይሰሙ በዋሉበት ቀን፣ ባፈና ራሱ ከእሳቸው የተዋሰውን አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መልሷል። የሠፈሩ ደንብ ነው፤ የለቅሶ ቤት ዕቃ ሰው ቤት አያድርም። መርዶው ሲነጋጋ ከመነገሩ በፊት ሁሉም እጁ ላይ ያለውን በዘዴ ይመልሳል። ያን ቀን እሱም ቀና ብሎ አላያቸውም ነበር። እሳቸው አንድ ወንበር ቢመለስላቸው ምን ይጠረጥራሉ? ባፈና ግን ግድግዳ አለው። ደጎቹ ጎረቤቶቹ ይህን አላሰቡትም።

ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ። የጎደለ አልነበረም።

«ፈለቀ» አለ።

«አቤት ጋሽ ባፈና።»

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትመጡት?»

 ያ ግዙፍ ሰውዬ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ መቃኑን ተደግፎ አለቀሰ።

«አስራ ሁለት ሰዓት» አለ በመጨረሻ። «የእድሩ ዳኛና ቄሱ፤ እኛም አለን።»

«በምን አወቃችሁ?»

«ጉግሳ የሚባል የዋጫ ከተማ ልጅ ትናንት ከጦር ሜዳ መጣ። ከፍቃዱ ጋር አንድ ምሽግ ነበሩ። በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት ይላል።»

ባፈና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሲቀመጥ የብሎኑን ጣሳ ገለበጠው፤ ብሎኑ ወለሉን ሞላው። ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ፤ ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ። ፈለቀ ሊያግዘው ሲጎነበስ «ተው» አለው። ይህን ሁሉ ጊዜ ጡሩምባ ሲያዳምጥ ልጁ አፈር ውስጥ ነበር። ይህን ሲያስብ የለቀመው ብሎን መልሶ ከእጁ ወደቀ።

«አስካል ሰምታለች?»

«አልሰሙም።»

«እንግዲያው ማንም እንዳይነግራት። ዛሬን ተዉላት።»

ፈለቀ ሄደ። ዛሬ ሰማች ነገ ሰማች ምን ለውጥ አለው የሚል ይኖራል። ለባፈና ለውጥ ነበረው። ያላት አንድ ነው፤ ዛሬን እንኳ የልጅ እናት ሆና ትደር አለ። የተበሳ የጎማ ካላማዳሪ ከሚፈትሽበት ሳፋ ውሃ ዘግኖ ፊቱን ታጠበ። መጮህ አምሮት ነበር፤ ዋጠው።

አስካለማርያም ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ገባች፤ ግድግዳውን አይታ ደረቷን መታች።

«ጉድ! ፈለቀ መዶሻ መለሰ? እኔ ይሄን ሳላይ የምሞት መስሎኝ ነበር!» እየሳቀች ወደ ጣውላው ተጠጋችና ቀዩን መስመር በጣቷ ተከተለችው። «ልጄ ያሰመረው ሁሉ ሞላ። ባፈና፣ ይሄ ዝም ብሎ አይደለም። ደግ ነገር ሊመጣ ሲል ነው እንዲህ የሚሆነው።»

 ዞራ አየችው።

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«ማስቲሹ ነው። ሽታው።»

«መስኮቱን ክፈት ብዬህ ነበር እኮ።» ራሷ ከፈተችለት። «እኔ ነገ ኪዳን ልደርስ ነው። ገብርኤልን ስለቴን አስታውሰዋለሁ፤ ልቤ ነግሮኛል። ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሰኝ፣ እሺ? እንቅልፍ እንዳይጥልህ ደግሞ።»

«አይጥለኝም» አላት። «እኔው እቀሰቅስሻለሁ።»