ከሥር የቀረ ድምፅ

«ጠፍቷል አላልሽኝም?» እማማ ዘውድነሽ የነጠላቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው በሩ ላይ ቆመዋል። «የእህቴ ልጅ አሁንም ከባሕር ዳር ደውሎ ‹ይሰማል› ይለኛል!»

ምሥራቅ ከላፕቶፑ ቀና አላለችም። «ከላይ ነው ያጠፋሁት፣ እማማ። ከሥር ቀርቶ ነበር።»

ለእሳቸው ማስረዳት ጭንቅ ነው። እሷና ደጉ አገውኛ የሚያስተምር የስልክ መተግበሪያ እየሠሩ ነው፤ እሷ ድምፅ ትቀዳለች፣ እሱ ኮዱን ይጽፋል። ሥራቸውን የሚያስቀምጡት ኢንተርኔት ላይ፣ ለማንም ክፍት በሆነ ማኅደር ነው። ማኅደሩ ደግሞ መርሳት የማያውቅ ጉድ ነው። አንድ ፋይል ቢሰረዝ እንኳ የቀድሞውን ቅጂ በታሪኩ ውስጥ ይዞ ይቀመጣል፤ ፈልጎ ለመጣም ይሰጣል።

አንድ ቀን ግምጃ ቤት ከተማ ሄዳ እማማ ዘውድነሽን ስለ ገብስ አዝመራ ስትቀዳ ሰው ጠራትና መቅጃውን ሳታቆም ወጣች። እሳቸውም የቆመ መስሏቸው አጠገባቸው ለተቀመጠችው እህታቸው የልባቸውን በአገውኛ ተነፈሱ። «ያን ሰው በወፍጮው መንገድ የመታው የኔው ልጅ ነው።» ምሥራቅ እስከ መጨረሻው ሳታዳምጥ ወደ ማኅደሩ ላከችው። ምን ዓይነት ዝርክርክነት ነው!

በወፍጮው መንገድ ተመትቶ የሞተው ደግሞ የደጉ ታላቅ ወንድም ይሄነው ነው። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ደጉ ከአማርኛ በቀር ቋንቋ ስለማይሰማ ነው እንጂ ነገሩ ያኔውኑ ይፈነዳ ነበር።

«ልጄን ይገድሉብኛል» አሉ እማማ ዘውድነሽ። «ጫግኒ ተሸሽጎ ጆንያ እየተሸከመ ነው የሚኖር። በእናትሽ ሞት፣ ልጄ፣ ድምፁን አውጭልኝ።»

ምሥራቅ የማኅደሩን ታሪክ ከሥሩ አጥርቶ እንደገና የሚጽፈውን ትእዛዝ ሰጠች። ኔትወርኩ ተቋረጠ። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ተቋረጠ። ኔትወርክ እንዲይዝላት ስልኳን መስኮቱ ላይ ሰቅላ ስትጠብቅ ቆይታ በመጨረሻ ትእዛዙ አለፈላት።

«ወጣ፣ እማማ። አሁንስ ከሥሩ ወጣ።»

አሮጊቷ እጇን ስመው ሄዱ። ገና ከግቢው ሳይርቁ ደጉ ደወለ።

«ስሚ፣ ማኅደሩ ተበላሽቶ ነበር! ታሪኩ ሁሉ ተዘበራርቆ። አይዞሽ፣ እኔ ላፕቶፕ ላይ ሙሉው አለ፤ መልሼ ልኬዋለሁ። ምሳ ትጋብዥኛለሽ።»

የደጉን ቅጂ ጨርሳ ረስታው ነበር።

በባጃጅ ወደ ቤቱ በረረች። ደጉ ለወንድሙ ኀዘን ያሳደገውን ጢም ገና አልተላጨም። በፈገግታ በርጩማ አቀረበላት።

«አንድ ድምፅ ካንተም ላይ መጥፋት አለበት» አለችው ሳትቀመጥ። «የሰው ገመና ነው። ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።»

ትንሽ አያትና ላፕቶፑን ገፋ አደረገላት። «ገመና ከሆነ አጥፊው። ብጠይቅ ምን ይጠቅመኛል?»

ይህ እምነቱ አንጀቷን በላው። የወንድሙን ደም በገዛ ላፕቶፑ ላይ፣ እሱ ከጎኗ ቆሞ፣ እየቀበረች ነው። ቢሆንም አጠፋችው። ማኅደሩንም ዳግመኛ አጽድታ ላከች። አሁን የትም የለም።

ደጉ በትከሻዋ በኩል አየ። «እንዴ! የእማማ ዘውድነሽን ነው እንዴ? የድምፅ ማጫወቻውን የሞከርኩት በዚያ እኮ ነው! ስንቴ እንደሰማሁት! በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ስሚኝ።»

ጉሮሮውን ጠርጎ በአገውኛ ጀመረ። አንዲት ቃል አልሳተም፤ የአሮጊቷን ትንፋሽ ሳይቀር አወጣው፦ «ያን ሰው በወፍጮው መንገድ የመታው የኔው ልጅ ነው።»

«እንዴት ነው? ቻልኩ አይደል?» ሳቀ። «አከራዬ አገውኛ ይሰማሉ፤ ማታ ሲመጡ አስደንቃቸዋለሁ።»

ምሥራቅ ‹ስድብ ነው፣ በሰው ፊት እንዳትለው› ብትለው ያምናታል። አንድም ነገር ሳይጠይቅ ያምናታል፤ የከበዳትም ይኸው ነው። እስከ መቼ? አንድ ቀን አንዱ ሰምቶ ይተረጉምለታል፤ ያን ቀን ማን ከጎኑ ቆሞ ይይዘዋል?

«ምነው? ምን ማለት ነው?»

«ደጉ፣ ቁጭ በል» አለችው።

በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተችና ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ በአማርኛ ትነግረው ጀመር።