ላስቲኩ ላይ የቀረ ስም

በሰፈሩ ውስጥ ላስቲክ ያልለበሰ ወረቀት ካለ አባ ላስቲክ ሱቅ ያልደረሰ ወረቀት ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌላው ሁሉ በዚሁ ቅጽል ይጠራዋል። ከቁም ሣጥን ብዙም በማትሰፋው ሱቁ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ማንሻና ወረቀት በላስቲክ የሚያሽግ አንድ ላሚኔት ማሽን አሉት። ሰው ለፎቶ ኮፒ ብቻ ሲመጣ እንኳ ወረቀቱን አገላብጦ ያይና፣ ይቺማ ሳትታሸግ ዕድሜ የላትም ሳይል አይለቅም። አንዴ የሱቁን የኪራይ ውል ሳይቀር አሽጎት፣ አከራዩ የሚፈርምበት ቦታ አጥቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅበት ከርሟል።

ሳቁ ሳቅ ነው፤ ነገሩ ግን ከሐዘን የመጣ ነበር። ሚስቱ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች በእጇ የጻፈችለት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበረችው። ከሞተች በኋላ በደረት ኪሱ ይዟት ሲዞር ዝናብ ደበደበውና ቀለሙ ፈስሶ አንድም ቃል ሳይተርፍ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሳይታሸግ የቀረ ወረቀት ሲያይ አያስችለውም።

አንዲት ልጅ አለችው። በላቦራቶሪ ሙያ የተመረቀች ዕለት ዲፕሎማዋን ከነፖስታው በሁለት እጇ ሰጠችው። እሱም እጁን ሁለቴ ታጥቦ፣ ማሽኑን አሙቆ፣ ከሁሉ ወፍራሙን ላስቲክ መርጦ አሸገላት። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ አልሠራም፤ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ አልነበረበትም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ የለም። ልጅቷ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል ፈተናውን አልፈሻል ብሎ ደብዳቤ ጻፈላት። እስከ ዓርብ ድረስ የጤና ምርመራ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የተያዥ ደብዳቤና ዋናውን ዲፕሎማ ይዛ እንድትቀርብ፣ ዲፕሎማውም ጀርባው ላይ የማስረጃ ማረጋገጫ ቢሮ ማኅተም እንዲኖረው ይላል። ካልቀረበች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። አባ ላስቲክ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ ተያዥ የሚሆነውን የእንጨት ሥራ ባለቤት ወዳጁን በዚያው ቀን አስፈረመው። ጤናውም ፎቶውም በማግሥቱ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት አባትና ልጅ ማረጋገጫ ቢሮው መስኮት ላይ ቆሙ። ጸሐፊዋ ዲፕሎማውን ገልብጣ በእስክሪብቶዋ ቀጭ ቀጭ አደረገችው። ላስቲክ ላይ ማኅተም አይመታም አለች፤ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ በቀን ስንቱን እንደምትመልስ እግዜር ይወቀው። ላስቲኩ ከፊትም ከኋላም ከወጣ እንዲመለሱ፣ ካልወጣ ግን ከኮሌጁ ምትክ እንዲያወጡ ነግራቸው ቀጣዩን ጠራች።

 አባ ላስቲክ ወደ ልጁ ዞሮ፣ ያሸግሁት እኔ፣ የምከፍተውም እኔ ነኝ አላት። ልጅቱ ከኮሌጁ ብንጠይቅ ይሻላል ብትለውም አልሰማትም። ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ ካውያ አሞቀ፣ ጨርቅ ዘረጋ፣ ምላጭ አወጣ። ጀርባው ያለ ችግር ተላጠ፤ እንዲያውም ዞር ብሎ ሳቀላት። ቀጥሎ የወረቀቱን ፊት ጀመረ። ላስቲኩ ቀስ እያለ ተነሣ፤ ፊደሎቹም አብረውት ተነሡ።

መጀመሪያ አልገባውም። ላስቲኩ ላይ ተገልብጦ የተጻፈ ነገር አየ። ገልበጥ ሲያደርገው የልጁ ስም ነው። ወረቀቱን አየ፤ ስሟ በነበረበት ቦታ ነጭ ብቻ። የኮሌጁ ማኅተም፣ እሱም ግማሹ፣ ብቻውን ቀርቷል።

"ልጄ፣ ገደልኩሽ" አላት።

"ወረቀት እኮ ነው አባዬ" አለችው። ካውያውን ከእጁ ወስዳ ከሶኬቱ ነቀለችው።

ሐሙስ ዕለት ብቻዋን ኮሌጅ ደርሳ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ምትክ ለማግኘት አራት ወር ይፈጃል አሉኝ አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለው ነገር ነበረው። ላስቲኩ ወረቀቱ ላይ ሲደረብ ፊደሎቹ ቅንጣት ሳይዛነፉ ቦታቸው ይገባሉ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው እንዴት አያምንም?

ዓርብ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ሊሄድ ደህናውን ኮቱን ለበሰ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው። የምትለው ያላት መሰለ። ከዚያ ኮሌታውን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችለትና ሸኘችው።

የሆስፒታሉ ቅጥር ክፍል ኃላፊ በዕድሜ የልጁ ታላቅ ብትሆን ነው። እሱ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ላስቲኩን በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ደረበው፣ ስሙም ቦታው ገባ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቱ ንጹሕ ናት፣ አራት ወር ብቻ ታገሡን ብሎ ለመናት። ሴትዮዋ ወረቀቱን ቀስ አድርጋ ወደ እሱ መለሰችው።

"አባቴ፣ ልጅዎ አልነገረችዎትም? ትናንት መጥታ ቦታውን ለተጠባባቂዋ ለቃለች። እዚሁ ነው የፈረመችው።"

ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ውሃም አስመጣችለት። እያዘነች ደግሞ፣ እነዚህ ኮሌጆች አታሽጉ ብለው ፖስታው ላይ ሲጽፉ ማንም አያነብላቸውም አለች። ለማጽናናት ነበር ያለችው፤ እሱን ግን ከሁሉ በላይ የወጋው ይኸው ሆነ።

ወደ ቤት የሄደው በእግሩ ነው። ማንንም ሰላም አላለም። እንደገባ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የምርቃቱን ፖስታ አወጣ። በስተግርጌው በደማቁ ታትሟል፤ ላሚኔት ማድረግ ክልክል ነው ይላል። ልጅቱ ከኋላው መጥታ ቆማ ነበር። አልዞረም።

"ይህን አንብበሽው ነበር?"

"አንብቤዋለሁ።"

"ያን ቀን? ሳላሽገው?"

"ያን ቀን። ገና ሲሰጡኝ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ ልጄ? ምነው?"

ልጅቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ ከሞተች በኋላ ስታንጎራጉር ሰምቼህ አላውቅም ነበር" አለችው። "ያን ቀን ማሽኑን ስታሞቅ ማንጎራጎር ጀመርክ። እንዴት ብዬ ተው ልበልህ?"

አባ ላስቲክ ማንጎራጎሩን ራሱ አያስታውሰውም። ምን ዘፈን እንደነበር ሊጠይቃት ፈለገና ተወው። ኮቱን እንደለበሰ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ እንዲያ አልቅሶ አያውቅም። ልጁም ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ወረቀቱንና ላስቲኩን ከእጁ ወስዳ ሁለቱንም ፖስታው ውስጥ መለሰቻቸው።