ከጉንጩ የወጣው አበባ

ታላቅ እህቴ እትዬ ስትጮህ በጓሮ በር ሮጬ ደረስኩ። ሕፃን ልጇ፣ ያ ያገኘውን ሁሉ የሚጎርስ ሆዳም፣ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ነጭ አበባ ያላምጣል። አጥራችን ላይ ነጭ የሚያብቡ ሁለት ተክሎች ቅርንጫፋቸውን አጠላልፈው ቆመዋል። አንዱ ሂቢስከስ ነው፤ ምንም አያደርግም። ሌላው እንደ መለከት ቁልቁል የሚንጠለጠለው ነው፤ እሱ ያሳብዳል፣ ይገድላልም። ቁረጡት ብዬ ስንቴ ለፈለፍኩ! "ያምራል" ተባልኩ።

ጣቴን ጉንጩ ውስጥ ሰድጄ ያላመጠውን አወጣሁ፤ ነከሰኝ። ያወጣሁትን በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ክሊኒክ ታክሲ ያዝን።

መሐረቡን ጭኔ ላይ ዘርግቼ የታኘከውን በፀጉር መርፌ መለያየት ጀመርኩ።

"ልብ የለሽም? ልጄ እየሞተብኝ አበባ ትበልቻለሽ!" አለች እትዬ።

ሾፌሩ በመስታወት አየንና "ዶክተር ናት እንዴ?" አለ።

"ምን ዶክተር! አሮጌ መጽሐፍ ያጦዛት ጉረኛ ናት።"

ጉራዬን አልክድም። አስተማሪ አላገኘሁም እንጂ፣ በደጄ ያለፈ አበባ ሳልፈታው አላለፈም።

የምፈልገው መሐሉን ነው። ነጭነት ማንንም አይለይም፤ ዘር የሚታወቀው ከውስጥ ነው። መለከቱ የቲማቲምና የድንች ወገን ነው፤ አምስቱ ወንዴዎቹ፣ ዱቄት የሚይዙት ዘንጎች፣ እንደተኳረፉ ወንድማማቾች ለየብቻ ይቆማሉ። ሂቢስከስ ግን የጥጥና የባሚያ ዘመድ ነው። በዚያ ቤት ወንዴዎቹ ሁሉ ተጣብቀው አንድ ምሰሶ ይሆናሉ።

ቅጠል፣ ምራቅ፣ ደግሞ ቅጠል። ከዚያ መርፌዬ አንድ ዘንግ ጎትቶ አወጣ፤ ዙሪያውን ቢጫ ዱቄት ያዘሉ ጥቃቅን ራሶች እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ በቅለውበታል።

"እትዬ፣ ሂቢስከስ ነው! ምንም አይሆንም!"

ክሊኒክ ስንደርስ ሐኪሙ ዘንጉን በባትሪ አየው። "ልክ ነሽ፤ ይኼኛው ሂቢስከስ ነው። ግን ከዚህ በፊት ከሌላውም ውጦ ቢሆንስ?"

ይህን አላሰብኩትም።

እስከ ማታ አስቀመጠን። እየተመላለሰ የልጁ ዓይን ላይ ባትሪ ያበራል፣ ልቡን ያዳምጣል። መለከቱን ቀምሶ ቢሆን የዓይኑ ብሌን በሰፋ፣ አፉም በደረቀ ነበር። ብሌኑ አልሰፋም፤ አፉማ ለሃጩ የእትዬን ቀሚስ አጥቦታል።

"ውሰዱት" አለ ሐኪሙ ሲመሽ። "አጥራችሁን ግን አስተካክሉ።"

ደጅ ወጥተን ሁለታችንም ግንቡን ተደግፈን ተነፈስን።

"ነገ ያንን መለከት እቆርጠዋለሁ" አለች እትዬ።

"ዛሬ።"

"እሺ ዛሬ፣ ፕሮፌሰር።" ስትስቅ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ልጁንም አቀበለችኝ። ትከሻዬ ላይ እንደተደላደለ የፀጉር መርፌዬን መዝዞ ወደ አፉ ሲወስድ ያዝኩት።