ዶክተር ሂንዳ በቁሟ

አንድ ካርቶን ፓስታ አቅፌ፣ «አላህ ያጽናችሁ» ልል አፌን ከፍቼ የዶክተር ሂንዳን በር ባንኳኳ፣ የከፈተችልኝ ሟቿ ራሷ ናት።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«አንቺ።»

«መቼ?»

«እኔ እንኳ ጠዋት ነው የሰማሁት። ስልክሽም ዝግ ነው።»

«ቻርጅ ላይ ነው፣ ቀለሜ» ብላ ፓስታውን ተቀበለችኝ።

ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። እኛ ሰፈር የሰው ስም ግድግዳ ላይ ከወጣ ባለስሙ አፈር ገብቷል ማለት ነው። ያን ቀን ጠዋት የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ «ዶክተር ሂንዳ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ፎቶው በቴሌግራም ዞረና እኔ ሱቅ ሲደርስ አልቅሰው የጨረሱም ነበሩ።

በከተማችን ግመል ያከመች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። በፊት አርቢዎቹ «ሴት ግመል አታልብም፣ ደንባችን አይደለም» ብለው አላስጠጋ ብለዋት ነበር። አልተከራከረችም። ምጥ ሲጠና ክንዷን እስከ ትከሻዋ ታስገባለች፤ ጡት አብጦ ወተቱን ማየት ሲያስፈልጋት ግን አባወራው ያልባል፣ እሷ ጎንበስ ብላ ታያለች። ደንቡም አልተነካ፣ ግመሊቱም ዳነች። እኔ ባሌን ሽንኩርት ለማስላጥ ይህንኑ ዘዴ ሞክሬ አልሠራልኝም።

ሻይ ቀድታልኝ ሳንጨርስ የክሊኒኩ ኃላፊ ዐብዲራሺድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ገባ።

«እንኳን ደስ አለዎት ዶክተር! ክሊኒኩ በስምዎ ተሰይሟል፤ ነገ ምረቃው ነው። ከዚያ በኋላ ገጠር መውጣት የለም፤ ቢሮ ቁጭ ብለው ምክር ብቻ ይሰጣሉ። የመስኩን ሥራ ወጣቱ ዶክተር ማሃድ ይረከብዎታል።»

«ደከመኝ አልኩህ?»

«ክብር ነው እኮ!»

«ሌላ ዓይነት የላችሁም?»

እሱ ሳቀ። እሷ ብርጭቆዋን ታያለች። ስንት ዓመት ስንጎራበት ሻይ አስቀምጣ ስታቀዘቅዝ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚህ መሃል አንድ ፒካፕ ደጃፉ ላይ ቆመ። የቀብሪበያው ሱጉሌ ነው፤ ግመል አርቢ፣ የድሮ ደንበኛዋ። እሱም ለቅሶ ነው የመጣው። ሲያያት በሩ ላይ ቀጥ አለ።

«አልሞትሽም?»

«ገና ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንዲያ ከሆነ ግመሌ ከትናንት ጀምሮ እያማጠች ነው፤ ግልገሉ አልወጣ አለ።»

«ማሃድን አሁኑኑ እንልክልሃለን» አለ ዐብዲራሺድ ስልኩን እያወጣ።

«ማሃድ ጎበዝ ልጅ ነው» አለ ሱጉሌ። «ክንዱ ግን ወፍራም ነው። እኔ ቻልኩ ብል ግመሊቱ አትችልም።»

ዐብዲራሺድ የማሃድን ክንድ በሐሳቡ የሚለካ መሰለኝ። ሂንዳ ግን ቦት ጫማዋን አጥልቃ ቦርሳዋን አንግታለች። እሱ ከኋላዋ እስከ ደጅ ሮጠ።

«ዶክተር፣ ምጡ ቢረዝምስ? እንግዶች ጠርተናል! ነገ ሪባኑን ማን ይቆርጣል?»

«ማንም ይቁረጠው» አለች የመኪናውን በር እየሳበች። «ሪባን አይራገጥም።»