ሁለት ሙሉ ልክ

ጋሽ ኸይረዲንና ጋሽ ዱባለ ከራጉኤል ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። በሁለት የስፌት መኪና የጀመሩት ሥራ ስድስት መኪና ደርሶ፣ አሁን መቀስ ለማንሳት የሰው ትከሻ መግፋት ግድ ሆኗል። ስለዚህ ያለ ጠብ ሊለያዩ ተስማሙ። ጋሽ ዱባለ ጎጃም በረንዳ አጠገብ ክፍል አገኙ። መኪናውንም ሦስት ሦስት ተካፈሉ። ክርክር የተነሳው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉት የልክ ካርቶኖች ጋ ሲደርሱ ነው። ጨርቅ የሚቆረጠው በእነሱ ዙሪያ ነውና ያለ እነሱ ሥራ የለም።

“ሸሚዙን አንተ ውሰድ፣ ሱሪውን እኔ” አሉ ጋሽ ዱባለ።

“እኔ ጋ የመጣ ተማሪ ታዲያ ከወገቡ በታች ምን ይልበስ?”

“ሽርጥ ያገለድማላ!”

ሠራተኛቸው ሰዓደት ሳቋን ዋጠች። ከስፌት መኪናው ቀና ባትልም ነገሩ አሳስቧታል። ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ይዘው ከቀሩ የዓመቱ ሥራ ለሌላ ሰፊ ይሄዳል፤ እሷም ሥራ ትፈታለች።

ሰዓደት የማታ ተማሪ ናት። ባዮሎጂ ወድቃ በድጋሚ ልትፈተን ስለሆነ ደብተሯ ከጨርቅ ቁራጭ ሥር አይጠፋም። ሰሞኑን የምታነበው ስለ ሴል ነበር። ሴል አብዛኛውን ዕድሜውን የሚፈጀው በዝግጅት ነው። መጀመሪያ ያድጋል፤ ቀጥሎ ውስጡ ያለውን የመመሪያ ክር አንድ ሳያስቀር ይገለብጣል፤ ከዚያም የገለበጠውን ያመሳክራል። ለሁለት መከፈሉ ራሱ መጨረሻ ላይ የምትመጣ አጭር ሥራ ናት።

“ጋሼ ኸይረዲን፣ ልኩ ለምን አይገለበጥም?”

“የተገለበጠ ልክ ያድጋል” አሉ። “እርሳሱ በዙሪያው ሲሄድ ውፍረቱን ይጨምራል። ከግልባጩ ስትገለብጪ ደግሞ ሌላ ይጨምራል። በስድስተኛው አንገቱ ዝሆን ያስገባል!”

ውሸት አልነበረም። አንድ ተለማማጅ በገለበጠው ልክ አርባ ሸሚዝ ተበላሽቶ ያውቃል።

“ሴልም ሲገለብጥ ይሳሳታል” አለች። “ግን ሳያመሳክርና ሳያርም አይከፈልም።”

“ማነው ደግሞ እሱ? የት ነው የሚሠራው?” አሉ ጋሽ ዱባለ።

“እርስዎ ጋ። ባለፈው መቀስ የቆረጠው ጣትዎ እንዴት የገጠመ ይመስልዎታል? ዳርና ዳር ያለው ቆዳ ሴሉ እያደገ፣ መመሪያውን እየገለበጠ፣ እየተከፈለ ነው የገጠመው።”

ጋሽ ዱባለ ጣታቸውን አገላብጠው አዩ። “እኔ ሳላዘው?”

“ደግነቱ አላዘዝከውም፤ ሱሪ ብቻ ትሰፋለህ ትለው ነበር” አሉ ጋሽ ኸይረዲን።

ጋሽ ዱባለ ልኩ እስኪገለበጥ መሄዳቸውን ሦስት ቀን አቆዩ። ሰዓደት እርሳሱን እየቀረጸች ከዋናው ብቻ ገለበጠች፤ ጋሽ ኸይረዲን አሮጌውንና አዲሱን ደርበው በበሩ ብርሃን ያያሉ። አንድ እጅጌ በክር ስፋት ተርፎ ተገኘ። “አላልኩም?” አሉ ደስ ብሏቸው። ቀድዳ ጣለችውና ሌላ ቆረጠች።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሙሉ ልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ሁለቱም እጃቸውን ወደ አሮጌው ዘረጉ። የአሥራ ስምንት ዓመት የእጅ ጽሑፋቸው ያለው አሮጌው ላይ ነው።

“አሮጌው ከቤቱ አይወጣም” አሉ ጋሽ ኸይረዲን።

“እኔ እንግዲህ ግልባጭ ይዞ የወጣ ተለማማጅ ልባል ነው!”

“የሴሉ ክር ጥንድ ነው” አለች ሰዓደት ቀስ ብላ። “ሲገለበጥ ሁለቱ ይላቀቁና እያንዳንዱ አሮጌ አዲስ ጓደኛ ያገኛል። አሮጌውን ጠቅልሎ የሚወስድ የለም።”

ጋሽ ኸይረዲን የሸሚዙን አሮጌ ፊት ከአዲስ ጀርባ ጋር በገመድ አስረው ለጋሽ ዱባለ ገፋ አደረጉላቸው። አሮጌውን ጀርባ ከአዲስ ፊት ጋር ለራሳቸው አሰሩ። ሱሪውንም፣ ጉርዱንም እንዲሁ አደረጉ።

“ልክህ የተበላሸ ቀን መጥተህ ከእኔ ታመሳክራለህ” አሉ።

ጋሽ ዱባለ ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። “ሰዓደት፣ ያ ሴልሽ ከተከፈለ በኋላ ይጠያየቃል?”

“እሱን ደብተሬ አይልም፣ ጋሼ።”

“እሁድ እመጣለሁ” አሉና ወጡ።