ትልቅ ነው ይላል

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ጉና ተራራ ላይ ውርጭ ወረደ። ገብሱ ገና ፍሬ እየቋጠረ ነበር። ማሳው ነጭ ሆኖ አደረ፤ ሲመሽ ጠቆረ። ድንቹም ተቃጠለ። በበጋው ከብቱ ገለባ አጣ። በሬዬ መጋቢት ላይ ተኛ፤ አልተነሳም።

ከጎረቤቴ ከሙላቴ ጋር መቀናጆ ነበርን፤ አንድ በሬ የእሱ፣ አንድ የእኔ፣ በአንድ ቀንበር። የእኔው ሲሞት የእሱ ብቻውን ቀረ። ሙላቴ ከአማቹ በሬ ለምኖ አመጣና ከራሱ ማሳ በፊት የእኔን አረሰ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲሁ አደረገ። እኔ አረምሁለት፣ አጨድሁለት። የበሬ ዕዳ ግን በጉልበት አይወጣም። እሱ አንድም ቀን አላነሳብኝም። የከበደኝ ይህ ነው።

ዘንድሮ ሙክቶች አደለብሁ። ለፋሲካ ሸጬ በሬ ልገዛ ነው። የእኛ ገበያ ነጋዴ ዋጋ ሰበረብኝ። ደብረ ታቦር ዘይነብ የምትባል ልጅ አለች፤ ጅዳ ሠርታ ተመልሳ ሱቅ ከፍታለች። በግ የሚሸጥበት ድረ ገጽም አላት። ባለበጉ ፎቶ ይልካል፤ የባሕር ዳር ሰው አይቶ ይገዛል።

የሙላቴ ስልክ አዲስ ነው። ዋናውን ሙክት አስጠግቶ አነሳውና ላከ። ወዲያው መልስ መጣ።

«ትልቅ ነው ይላል» አለኝ። «አሳንሰው ይላኩ ይላል።»

«ሙክቱ?»

«ሌላ ምን ላክን?»

ትልቅነቱስ ደስ አለኝ። ግን በግን እንዴት ያሳንሱታል? ሙላቴ መላ አገኘሁ ብሎ ወደ ኋላ ራቀ፤ አነሳ፤ ላከ። ትልቅ ነው። ወንዙን ተሻገረ። ትልቅ ነው። ከማዶው ተረተር ሆኖ ሲያነሳ ሙክቱ የገብስ ፍሬ አክሏል። አሁንም ትልቅ ነው።

«ከዚህ ወዲያ ከራቅሁማ ጋይንት ነው የምገባ» አለ።

በማግስቱ ደብረ ታቦር ወረድን። ዘይነብ ፎቶዎቹን አየች፤ በሻርፗ አፏን ሸፈነች።

«አያ ይርጋ፣ ትልቅ የተባለው በጉ አይደለም፤ ፎቶው ነው። ፎቶ ከነጥብ የተሠራ ነው። የአያ ሙላቴ ስልክ ብዙ ነጥብ ይሰጠዋል። በጉ ቢርቅም ቢቀርብም የነጥቡ ብዛት ያው ነው። ድረ ገጹ ደግሞ ከልኩ ያለፈውን አይቀበልም።»

«ልኩን ማን አበጀው?»

«እኔ።»

«እንግዲያስ ለእኔ ተይልኝ። ገዢው አጥርቶ ይይ።»

«ለወንድሜ ለኢድሪስም አልተውሁለትም። መጀመሪያ ሁሉን እቀበል ነበር። ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ በትልልቅ ፎቶ የተነሳ ገጹ አልከፈት አለ። ገዢው አንድም በግ ሳያይ ስልኩን ያጠፋል። የእርስዎ ፎቶ ከገዘፈ የሌላው ሰው በግም ሳይታይ ይቀራል።»

ገባኝ። በጠባብ መንገድ ሰፊ ጭነት የያዘች በቅሎ ከገባች ኋላዋ ያለው ሁሉ ይቆማል። ሁለተኛ አልለመንኋትም።

አስጠግተን ያነሳነውን የመጀመሪያውን ፎቶ መረጠች። ስልኩን ነካ ነካ አደረገች፤ ነጥቡን ወደ ልኩ አወረደችው። ሙክቱ እንዳለ ነው፤ ቀንዱም ላቱም ይታያል። ተላከ፤ ገባ።

«ትልቅ ነው ከማለትሽ በፊት ‹ፎቶው› በይበት» አልኋት። «ስንቱ ወንዝ ይሻገራል?»

እዚያው ጻፈችው።

ከባሕር ዳር ሰው በአይሱዙ መጣ። በፎቶው ያየውን ሙክት በእጁ ዳሰሰ፤ ሌሎቹንም ጨምሮ ወሰደ። እኔ አንበሳሜ ገበያ ሄጄ እርሻ የለመደ በሬ ገዛሁ።

ግንቦት ላይ በሬዬን ነድቼ በራሴ ማሳ አልፌ ሙላቴ ማሳ ገባሁ። እሱ ከዳገቱ ቆሞ ያየኛል።

«መንገድ ሳትህ?» አለኝ።

«አልሳትሁም። ዘንድሮ ያንተ ይቀድማል።»

በሬውን ተመለከተ።

«አነስ አላለም?»

«ርቀህ ነው። ቅረብ።»

ወረደ። የበሬውን ጫንቃ ዳሰሰ፤ የራሱንም በሬ አመጣ። ቀንበሩን አንድ ጫፍ እሱ፣ አንድ ጫፍ እኔ ይዘን አነሳን።