በመሀል ውሃ ማን ይከርማል

"ስልቻውን እቀፊው እንጂ አትነቂው!" አለ ሞላ፤ ውሃው ደረቱን አልፏል። "ሊፍት ለምደሽ ወንዝ ረሳሽ?"

"አንተ ዝም ብለህ ግፋ!" አለች ፈይዛ።

በተነፋው የፍየል ቆዳ ላይ በሆዷ ተኝታለች። ሞላ ከኋላ እየዋኘ ይገፋታል። ወንዙ ደፍርሶ፣ ቅጠልና ቅርፊት ተሸክሞ ይወርዳል። ማዶ ሲደርሱ ሞላ ጆሮውን ወደ ላይኛው ሸለቆ አዘንብሎ አዳመጠ።

"ላይ አገር ይዘንባል። ቶሎ ተመለሽ። ዛሬ ካላሻገርኩሽ መስከረም ድረስ እዚሁ ነሽ፤ ወላሂ!"

"አንተ ክርስቲያኑ፣ ደግሞ በወላሂ ትምላለህ?"

"ወንዙ የሁላችንም ነው" ብሎ ሳቀ።

መሀል ውሃ በሁለት ወንዞች መካከል ለብቻዋ የቆመች መንደር ናት። በጋ ላይ ወንዞቹን ፍየል በእግሯ ትሻገራቸዋለች፤ ክረምት ሲገባ ግን ሁለቱም ይሞሉና መንደሯን ደሴት ያደርጓታል። ከወንዙ ወዲያ፣ ከመካነ ሰላም በሚመጣው መንገድ ዳር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ፈይዛ ስፌት የምትሸጥበት ዳስ አለ። ወደ ፓርኩ የሚያልፉ ጎብኚዎች እዚያ መኪና ያቆማሉ። ሙዳይ ይገዛሉ፤ ጉም ላይ የተንሳፈፈችውን መንደር ፎቶ ያነሣሉ።

"እዚያ ሰው ይኖራል?" ይሏታል።

"እናቴ ትኖራለች" ስትላቸው ቀልድ ይመስላቸውና ይስቃሉ።

ዓምና ከኩዌት ተመልሳ ነበር። አሁን ቪዛዋ እንደገና ወጥቷል፤ በዚህ ሳምንት አዲስ አበባ መግባት አለባት። የመጣችው እናቷን ልትሰናበት ነው።

አቀበቱን ስትወጣ ጉሙ አብሯት ወጣ። መንደሯ ከመታየቷ በፊት ድምፅዋ ተሰማ፦ የሙቀጫ ድምፅ፣ የሚያስል ሽማግሌ፣ የምትጣራ ሴት። ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም። ኩዌት ሳለች በሕልሟ የምትሰማቸው እንዲሁ ነበር፤ ቤቱ ሳይታይ ድምፁ ብቻ። አንድ አጥር ከፊቷ ብቅ አለ፤ አንዲት ላም አየቻትና ተመልሳ ወደ ነጭነቱ ገባች።

አገሩ ሁሉ እቴቴ የሚላት እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሙዳይ ትሰፋለች። የፈይዛን ኮቴ ስትሰማ ቀና ብላ ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን በልጇ ትከሻ በኩል አልፎ ሄደ።

"አፊያ ነሽ ልጄ? ውሃው አላስፈራሽም?"

"አልሐምዱሊላህ። ሞላ ነው ያስፈራኝ። ይኸውልሽ እቴቴ፣ ያ አዲሱ ስፌትሽ ዳሱ ውስጥ አላድር አለ። ፈረንጆቹ 'ቀለሙ ሕልም ይመስላል' ይላሉ።"

"የቱ አዲስ?"

"ቀዩ ከሐምራዊው እየተምታታ የሚሄደው።"

የእቴቴ ወስፌ ቆመ። ፈይዛ ከእግሯ ሥር የተበተነውን የተነከረ አለላ አየች። እናቷ አንዱን አነሣች፤ ወደ ዓይኗ አስጠግታ በጣቷ ዳሰሰችው፤ መልሳ አስቀምጣ ሌላ አነሣች። አነሣሷ ላይ ምርጫ አልነበረም።

ፈይዛ አጠገቧ ቁጭ ብላ አንዱን አለላ ዘረጋችላት።

"እቴቴ፣ ይሄ ምን ቀለም ነው?"

"ቀይ ነው።"

አረንጓዴ ነበር።

ጉሙ በደጃፉ በኩል አልፎ እቤት ገባ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አባትሽ ከሞተ ወዲህ። አብሽሪ፣ ጉም ነው፤ እኔ ዘንድ ብቻ ክረምቱ ቀድሞ ገባ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትቀሪያለሽ። እዚህ ቀርተሽስ ምን ታደርጊያለሽ? ጭንጫ ትቆጥሪያለሽ?"

"በቃ አብረን እንሻገር። ደሴ ወስጄ አሳይሽና . . ."

"በዚህ ዕድሜዬ ስልቻ ላይ ልተኛ?" ሳቀች እቴቴ። "ማሽላዬንስ ለዝንጀሮ? ሂጂ ልጄ። ሠርተሽ ስትመለሺ ታሳክሚኛለሽ። ዓይን እንደሆነ የትም አይሄድም።"

ብትሄድ፣ እናቷ እስከ መስከረም ወደ ምንጩ መንገዱን በእግሯ እየዳሰሰች ትወርዳለች። ብትቀር፣ ቪዛው ይቃጠላል፤ ሌላ መቼ እንደሚገኝ አሏህ ያውቃል።

በዚህ መሀል ሼህ አበጋዝ ከጉሙ ወጡ። ወንዙ የሚዘጋበት ቀን ሲደርስ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት፣ ደጃፍ ለደጃፍ እየዞሩ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። በስሙ የተጠራ ሰው ከጨውም ከወተትም ይደርሰዋል፤ ቢታመም ይጠየቃል፤ እሱም በየማሳው ደቦ ይወጣል። ያልተጠራ የመሀል ውሃ ክረምት የለውም።

"ሰላም አለይኩም። በዚህ ቤት ማን ይከርማል?"

እቴቴ ፈጠን ብላ መለሰች። "ወአለይኩም ሰላም። እኔ ብቻዬን ነኝ ሼህዬ። ልጄ መንገደኛ ናት።"

"መንገዷን አሏህ ያቅናላት" አሉ ሼሁ። ዱዓ አድርገው ፊታቸውን አሹና ዘወር አሉ።

ከታች፣ ከውሃው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ፣ የሞላ ጥሪ መጣ። "ፈይዛ! ወንዙ ሞላ እኮ! ልትመጪ ነው ወይስ ልሂድ?"

ፈይዛ ተነሥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። የሼሁ ነጭ ጋቢ ከጉሙ ጋር ሊቀላቀል ትንሽ ቀርቶታል።

"ሼህዬ!"

"አቤት ልጄ?"

"ነገ የደቦው ኩትኳቶ የማን ማሳ ላይ ነው?"

ሼሁ ቆሙ። ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ።

"የአራጌ ማሳ ላይ ነው። በጤዛው እንገባለን።"

"አንቺ ልጅ!" አለች እቴቴ ከኋላዋ። "አውሮፕላኑስ?"

ፈይዛ ሻሿን አጠበቀች።

"መኮትኮቻ የለኝም ሼህዬ" አለች። "ትርፍ ያለው ሰው ይፈልጉልኝ።"